ካምቢዮው ተቀየረ፤ ደረሰኙስ?

በዛሬው ዓምዳችን ስለ መኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ወይም ስለ ፊናንስአምት ደብዳቤ ሳይሆን፣ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ካምቢዮ ላጫውታችሁ ነው። «እኛን ይህ ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ መግቢያው እዚያው ማመልከቻውና ደብዳቤው ዘንድ ነው።

መኪናዋ የራሴ ናት። በ1994 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተመዘገበች፣ «80» የምትባለው ዓይነት ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ናፍጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ። ለሱቄ አትክልትና በርበሬ፣ ሽንኩርትና ሩዝ ስትጭንልኝ ኖራለች። አገር ቤት ይህችን መኪና የማያውቃት የለም፤ ከደባርቅ እስከ ሞያሌ ጭቃና ድንጋይ የበላች ዘር ናት። እኔም ዘሯን አምኜ፣ ካምቢዮዋ ወራት ሙሉ ሲያጉረመርም እንዳልሰማ አልፌዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት፣ በኦይሮፓፊርቴል ከስካይላይን ፕላዛ አጠገብ መብራት ይዞኝ ቆምኩ። አረንጓዴ ሲበራ አንደኛ ገባ፤ ሁለተኛ እምቢ አለ። ሦስተኛ ልሞክር ብል እንደ ወፍጮ ጮኸ። ከኋላዬ አንድ አገልጋይ ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከእሱ ኋላ የዕቃ ማመላለሻ ቫን። በአንደኛ ማርሽ እየዳሁ ኦይሮፓ አሌን እስከ ጫፍ ድረስ ተጓዝኩና ጥግ ይዤ አቆምኳት። ሽንኩርቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሁለታችንም ቀረን።

ሰፈራችን አዲስ ሰፈር ነው። ታላቁ የጭነት ባቡር ጣቢያ በነበረበት ሜዳ ላይ የተሠራ፣ መስታወትና ሲሚንቶ ብቻ። የገበያ አዳራሹ በ2013 ተከፈተ፤ ከጎኑ ደግሞ ወደ 180 ሜትር የሚደርስ የመኖሪያ ሕንፃ ቆመ። ቡና ቤት ሞልቷል፤ ብሎን የሚፈታ ሰው ግን የለም። የሚገርመው፣ የዓለም የመኪና ዕቃ ነጋዴዎች በየሁለት ዓመቱ የሚሰበሰቡበት አውቶሜካኒካ የሚባለው ትርዒት ከ1971 ጀምሮ የሚካሄደው እዚሁ ከሰፈራችን ጋር በሚዋሰነው ሜሴ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ባለው በጋሉስ ደግሞ የአድለር ፋብሪካ ከ1900 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ መኪና ይሠራ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ቆሜ፣ «የማውቀው ልጅ አለ» ብዬ ስልኬን አነሣሁ።

መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት፣ ያኔ ባውቀው ኖሮ ገንዘብ ያተርፍልኝ የነበረውን ላካፍላችሁ። ማርሽ እምቢ ሲል ሁልጊዜ ካምቢዮ ሞተ ማለት አይደለም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ማርሽ ካልገባ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን በቀላሉ ከገባ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ፍሪሲዮን በደንብ አለመለየቱ ነው። የፍሪሲዮን ዘይት አንሷል ወይም ፓምፑ አፍስሷል፤ ይህ ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር የሳንቲም ሥራ ነው።

ድምፅም ይናገራል። ማርሽ ሳታስገቡ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን ላይ አንሥታችሁ ድምፅ ካለ፣ ስትረግጡት ደግሞ ከጠፋ፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሺኔታ ተበልቷል። በተቃራኒው ስትረግጡት ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ያለቀው የፍሪሲዮኑ ኩሺኔታ ነው። ማርሽ ሲገባ መፋጨት የናስ ቀለበቶቹ ማለቅ ምልክት ነው፤ ማርሹ በመንገድ ላይ በራሱ እየዘለለ ከወጣ ደግሞ ጥርሱ ወይም ሹካው ተበልቷል። በላንድክሩዘር ላይ ሌላም አለ፤ ጋዝ ስትሰጡና ስትለቁ «ቋ» የሚል ድምፅ ከመሐል ከመጣ፣ ካምቢዮውና ፎርዊል የሚያስገባው ትራንስፈር የሚገናኙበት ጥርስ ሊሆን ይችላል። ያ ጥርስ ተልጦ ሳለ ካምቢዮ ብቻ መለወጥ ግማሹን በሽታ ትቶ ግማሹን ማከም ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ምርመራ ዘይቱን ማፍሰስ ነው። በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢገኝ የዕድሜ ነው፣ አትደንግጡ። የወርቅ ቀለም ያለው ብናኝ ከናሱ ቀለበቶች የመጣ ነው። በጣት የሚነሣ የብረት ስባሪ ካለ ግን ነገሩ አልቋል። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ብሎን ፍቱ። የዛገ መሙያ እምቢ ካለ፣ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ መልሳችሁ መሙላት የማትችሉት መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ካምቢዮ ማውረድ ቀልድ አይደለም

ሥራውን ያላየ ሰው «ብሎን ፈትቶ ብሎን ማሰር» ይመስለዋል። ባትሪ ይነቀላል፤ ዘይት ይፈሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሱት ሁለቱ ዘንጎች ይወርዳሉ፤ የማርሽና የፎርዊል ዘንግ ከውስጥ ይነቀላል፤ ሞቶሪኖ ይፈታል፤ ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ድልድይ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ በድጋፍ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ካምቢዮና ትራንስፈር አንድ ላይ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሳባሉ። ለዚህ የተሠራ ማንሻ ከሌለ፣ ያ ብረት ለሰው ክንድ የሚሆን አይደለም።

አንዴ ከወረደ በኋላ መታየት ያለበት ደግሞ ሌላ ነው። ፍሪሲዮን ዲስኩ፣ መጫኛው፣ ኩሺኔታዎቹ፣ ከሞተሩ ጀርባ ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ፣ የቮላኖው ፊት። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ካምቢዮ ሲወርድ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ገና ግማሽ ዕድሜ አለው ተብሎ መተው፣ ከስድስት ወር በኋላ ለዚያው ማውረድና መስቀል ሁለተኛ መክፈል ማለት ነው። የዘይቱም ዓይነት እንደ ዘበት አይታይም፤ ለዲፈረንሻል ተብሎ የተሠራ ኃይለኛ ዘይት የናሱን ቀለበቶች ሊበላ ስለሚችል፣ የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን ብቻ አስገቡ።

የእኔ ብልጠት

ወደ ታሪኩ ልመለስ። መጀመሪያ መኪናዋን ያሳየሁት ለአንድ ጀርመናዊ ማይስተር ነበር። ታድሶ የተሠራ ካምቢዮ፣ አዲስ ፍሪሲዮን፣ ሥራውና ግብሩ ተደምሮ 3,400 ዩሮ አለኝ፤ በጽሑፍ ሰጠኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ይህ ሰው ያበደ ነው» ብዬ ወጣሁ።

የማውቀው ልጅ ጎበዝ ነው። አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቆ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። እዚህ ግን ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫነ፣ ማታና ቅዳሜ በአንድ ጓሮ ውስጥ የአበሻን መኪና ይሠራል። ያገለገለ ካምቢዮ በጋዜጣ ማስታወቂያ ፈልጌ፣ ከአንድ የግል ሻጭ በ1,100 ዩሮ በእጅ ገዛሁ። ለልጁ 800 ዩሮ ተስማማን። ጠቅላላው 1,900። ከማይስተሩ 1,500 ዩሮ ያተረፍኩ መሰለኝ። ፍሪሲዮኑንም «ገና ነው፣ ተወው» ያልኩት እኔው ነኝ።

አሁን ልሸሽገው የማልችለው ነገር አለ። ሥራው ሊጀመር ሲል ልጁ፣ «ጋሼ፣ አንድ የማውቀው ማይስተር አለ፤ በእሱ ጋራዥ ስም ብንሠራው ደረሰኝም ይኖርዎታል፤ ጥቂት ይጨምራል እንጂ» ብሎኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «በእኔና ባንተ መካከል ደግሞ ምን ደረሰኝ ያስፈልጋል?» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ታላቄ ነው ብሎ አክብሮኝ ነው እንጂ፣ መልስ አጥቶ አልነበረም።

ሰባት ሳምንት

ካምቢዮው ሰባት ሳምንት ሠራ። በስምንተኛው አምስተኛ ማርሽ ጠፋ፤ ቀጥሎ ማልቀስ ጀመረ። ዘይቱ ሲፈስ የብረት ስባሪ አብሮ ወረደ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሻጩ የሞተ ካምቢዮ ሸጦልኝ ይሆናል። ልጁ በጨለማ ሲሠራ አንድ ነገር አምልጦት ይሆናል። እኔም ድምፁን እየሰማሁ ለአንድ ሳምንት ያህል ሽንኩርት መጫኔን አላቆምኩም። የሻጩ ስልክ አይነሣም፤ ቢነሣም «የግል ሽያጭ ነው፣ መመለስ የለም» ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። ከልጁ ጋር ደግሞ አንዲት ቃል የተጻፈች የለችም።

ልጁ ግን ኅሊና ያለው ሰው ነውና በነፃ ሊያወርደው መጣ። በዚያ ጓሮ፣ በኪራይ አምፖል ብርሃን፣ ክሪኩ ሸርተት አለ። ያ ሁሉ ብረት ከእጁ አንድ ስንዝር አልፎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። እጁ ቢቆረጥ ኖሮ፣ የትኛው መድን ይከፍለው ነበር? ቀን የሚሠራበትስ መጋዘን አንድ እጅ ያለው ሰው ይፈልግ ነበርን? ለ1,500 ዩሮ ብዬ ያስያዝኩት የእኔን ሳይሆን የሰው እጅ መሆኑን ያን ምሽት ነው ያወቅሁት።

በማግሥቱ መኪናዋ ተጎትታ ወደዚያው «ያበደ» ወዳልኩት ማይስተር ሄደች። 3,400 ዩሮ ከፈልኩ። የበፊቱ 1,900 ቀለጠ።

ሕጉ ምን ይላል?

«ከስሼ ገንዘቤን አስመልሳለሁ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይሞክረው። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ነገሩን በሦስት ፍርዶች ዘግቶታል። በነሐሴ 1 ቀን 2013 በተሰጠው ፍርድ፣ አንዲት ሴት የቤቷን መግቢያ በ1,800 ዩሮ ያለ ደረሰኝ አስነጥፋ ሥራው ቢበላሽባት፣ ፍርድ ቤቱ «ሁለታችሁም ግብር ለማስቀረት የተስማማችሁበት ውል ፈራሽ ነው፤ ስለዚህ የማስጠገን መብት የለሽም» አላት። በ2014 ደግሞ ሠራተኛው ያልተከፈለውን ዋጋ ሊጠይቅ እንደማይችል ተፈረደ። በ2015 የከፈለ ሰውም የከፈለውን ማስመለስ አይችልም ተባለ። በአጭሩ፣ ያለ ሬኽኑንግ የተሠራ ሥራ ከሕግ ደጅ ውጭ ነው። አሠሪውም ሠራተኛውም የሚጮኹበት ቦታ የላቸውም።

በደረሰኝ ሲሆንስ? ጋራዥ ለሠራው ሥራ በሕጉ መሠረት 2 ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ብዙዎቹ በውላቸው ጽሑፍ ወደ 1 ዓመት ያሳጥሩታልና የወረቀቱን ጀርባ አንብቡ። የዋጋ ግምቱን፣ ጀርመኖቹ ኮስተንፎራንሽላግ የሚሉትን፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ዋጋው ከግምቱ በእጅጉ የሚያልፍ ከሆነ ጋራዡ ሳይውል ሳያድር ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ እስክትከፍሉት ድረስ መኪናችሁን ይዞ የማቆየት መብት እንዳለው አትርሱ።

ለእናንተ ለባለ ሱቆችና ለባለ ታክሲዎች በተለይ የማሳስበው አለ። ያገለገለ ዕቃ ከነጋዴ ስትገዙ፣ በግል ስማችሁ ለግል መኪናችሁ ከሆነ ሻጩ ቢያንስ 1 ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ከ2022 ወዲህም በመጀመሪያው ዓመት ጥፋቱ ከጅምሩ አልነበረም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። በድርጅታችሁ ስም ስትገዙ ግን ነጋዴ ከነጋዴ ናችሁና፣ ሻጩ ይህን ኃላፊነት በውሉ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ለታክሲያችሁ ካምቢዮ ስትገዙ «ዋስትናው ስንት ወር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ታድሶ የተሠራ ከሆነም አሮጌውን አትጣሉ። ለአሮጌው የተያዘ መያዣ ገንዘብ አለ፤ ስትመልሱ ይመለስላችኋል።

ሒሳቡን እንሥራው

«ደረሰኝ ውድ ነው» የሚለውን የሁላችንን እምነት በራሴ ቁጥር ልፈትነው። መኪናዋ በድርጅቴ መዝገብ ላይ ያለች ናት። 3,400 ዩሮ ውስጥ 19 በመቶው የሽያጭ ግብር 543 ዩሮ ገደማ ነው፤ ይህን ከፊናንስአምት አወራርደዋለሁ። የቀረው 2,857 ወጪ ነው። የመጨረሻዋ ዩሮዬ ላይ የምከፍለው ግብር 30 በመቶ ቢሆን፣ ከግብሬ 857 ዩሮ ይቀነሳል። ከኪሴ በእውነት የወጣው 2,000 ዩሮ ነው ማለት ነው።

በጓሮ የሠራሁት 1,900 ነበር። ደረሰኝ ስለሌለው አንዲት ሳንቲም አይወራረድም። እንግዲህ አተረፍኩ ብዬ የተኩራራሁበት 1,500 ዩሮ ሲጣራ 100 ዩሮ ነበር። ለ100 ዩሮ ብዬ ዋስትና አጣሁ፣ አዲስ ፍሪሲዮን አጣሁ፣ የሰው ልጅ እጅ አስያዝኩ።

ክላይንኡንተርነመር ሆናችሁ የሽያጭ ግብር የማታወራርዱ፣ ወይም መኪናችሁ የግል የሆነ፣ ሒሳቡ በዚህ ልክ አይሠራላችሁም፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ዋስትናው ለእናንተም ያው ነው።

ስለ ይሉኝታ

አሁን ወደ ልቡ ነገር እንግባ። ደረሰኝ የማንጠይቀው ሕጉን ሳናውቅ ቀርተን ብቻ አይደለም። «አበሻ ለአበሻ ደረሰኝ ይጠያየቃል እንዴ? አላመነኝም ይለኛል» የሚል ይሉኝታ አለ። ደረሰኝ መጠየቅ ባዕድ ጠባይ፣ የፈረንጅ ነገር ሆኖ ይታየናል።

እስቲ ዕቁባችንን አስቡት። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ይወስዳልን? ዕድራችንስ? ማን መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ መዝገብ አለው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ስለማይተማመኑ አልነበረም። መተማመኑ እንዳይፈርስ ነው የጻፉት። እኔና ልጁ ከካምቢዮው በኋላ ሁለት ወር ሳንደዋወል ቀርተናል፤ ተጣልተን ሳይሆን፣ ማን ለማን ምን ያህል እንደሚገባው የሚነግረን ወረቀት ስላልነበረ ነው። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ልጁን ጨርሼ ልሼው ነበር።

ሌላም ክፋት አለው። በየጓሮው ያለ ደረሰኝ የምናሠራው እኛ ደንበኞቹ ነን እነዚህን ልጆች በጨለማ የምናስቀምጣቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስም ሆነ ዜግነት ሲጠየቅ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው «ኑሮህን በራስህ ገቢ ትችላለህን?» ብሎ ነው። ያልተመዘገበ ገቢ ለዚህ ጥያቄ ገቢ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የለፋበት 800 ዩሮ በወረቀት ላይ ዜሮ ነው። የጡረታው መዝገብም ላይ ዜሮ ነው። ተይዞ ቢቀጣ ደግሞ ከዜሮም በታች ይሆናል።

ለባለሙያ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን

«ጌቬርበ አውጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» የሚል መካኒክ ብዙ ነው። አይበቃም። መኪና መጠገን በጀርመን ማይስተር ከሚጠይቁ ሙያዎች አንዱ ነው፤ በሀንድቬርክስካመር መዝገብ መግባት ያስፈልጋል። ማይስተር ያልሆነ ሰው ማይስተር በኃላፊነት ቀጥሮ ጋራዥ መክፈት ይችላል፤ ሙያው የተረጋገጠለት ሠራተኛም ለ6 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ 4ቱን በኃላፊነት ደረጃ ሠርቶ ከሆነ፣ ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ አለ።

ከሚያዝያ 1 ቀን 2012 ጀምሮ የውጭ አገር የሙያ ምስክር ወረቀት የሚመዘንበት ሕግ አለ። ወረቀታችሁ ከጀርመኑ ጋር በሙሉ ወይም በከፊል እኩል ነው ሊባል ይችላል፤ በከፊል ከሆነ የጎደለውን በሥልጠና ትሞላላችሁ። ወረቀታችሁ በስደት መንገድ የጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በመሣሪያ ላይ ቆማችሁ ችሎታችሁን በተግባር የምታሳዩበት ምዘና በዚያው ሕግ አለ። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው 25 የሞላ፣ ሙያውን በሥራ ብቻ የተማሩ ሰዎች ችሎታቸውን የሚያስመዝኑበት ሌላ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ የራሳችሁ ሁኔታ ይስማማ እንደሆነ ሀንድቬርክስካመር ሄዳችሁ ጠይቁ። ቋንቋውም ያስፈልጋል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሺኔታ፣ ሞቶሪኖ የምንላቸው ጣልያን ትቶልን የሄደው የጋራዥ ቃል ነው። እዚህ ጌትሪበ፣ ኩፕሉንግ፣ ላገር፣ አንላሰር ነው የሚባሉት፤ ትራንስፈሩም ፈርታይለርጌትሪበ ነው። እጁ የሚያውቀውን አፉ ካልተናገረ፣ ፈታኙ ምን ይወቅ? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነው።

አሮጌዋ መኪና ትጠቅማለችን?

በመጨረሻ፣ «ለ30 ዓመት መኪና 3,400 ዩሮ?» ላላችሁ። ፍራንክፈርት ከጥቅምት 2008 ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ክልል አላት፤ ከ2012 ወዲህ አረንጓዴ ምልክት የሌለው መኪና ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከተያዘ 100 ዩሮ ነው። አሮጌ ናፍጣ ይህን ምልክት በቀላሉ አያገኝም። መኪናው ከተመዘገበ 30 ዓመት ከሞላውና በደህና፣ በዱሮ ሁኔታው ካለ ግን፣ መርማሪው ፈቅዶ የ«ኤች» ታርጋ ይሰጠዋል፤ ክልሉም አይከለክለውም፣ የዓመት ግብሩም 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። ለትልቅ ናፍጣ ሞተር ይህ ቀላል አይደለም። ለዚህም ነው ካምቢዮው በዚያው በዘመኑ ዓይነት መተካቱን በደረሰኝ ማሳየት መቻል የሚጠቅመው። ካምቢዮ ዘይት ሲያንጠባጥብ ቲዩፍ አያልፍም፤ ታክሲ ያላችሁ ደግሞ ምርመራው በየዓመቱ ስለሆነ ከሌላው ሰው ቀድማችሁ ትያዛላችሁ።

መኪናው አካሉ በዝገት የተበላ ከሆነ ግን ተዉት። «ግድ የለም፣ ሲያረጅ አገር ቤት እልከዋለሁ» የምንለው የዱሮ ዕቅድም አልፎበታል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አሮጌ መኪና ዛሬ የሚጠገነው እዚሁ ሊሠራበት ነው።

ልጁ ምን ሆነ የምትሉ ካላችሁ፣ እጁ ደህና ነው። የጠፋውን ምስክር ወረቀቱን ትቶ በተግባር ተመዘነ፤ በከፊል እኩል ነው ተባለለት። ዛሬ በአንድ ማይስተር ጋራዥ በሕጋዊ ደመወዝ እየሠራ የጎደለውን ይማራል። ባለፈው ወር የመኪናዋን ፍሬን ያሠራሁት እዚያ ነው። ስጨርስ ደረሰኙን አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቺ ትኑር» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ወረቀቷን እንደ ታቦት አጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ካምቢዮ ቢያጉረመርም፣ ዘይቱን አይታችሁ፣ ግምቱን አስጽፋችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ውጡ። የአገራችሁ ልጅ ቢሠራላችሁ እሰየው፤ ነገር ግን በብርሃን ይሥራ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ቸር ይግጠመን።